ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ

ነጃት ይመር ከምታስተምርበት ኮሌጅ ስትመለስ የምታደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ጫማዋን በሩ ሥር ታወልቃለች፣ አባቷ የተኛበትን ክፍል መጋረጃ ገለጥ አድርጋ "አባባ፣ እንዴት ዋሉ?" ትላለች፣ መልሱ ሳያልቅ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ብቸኛ መስኮት ትሄዳለች። ስልኳን ወደ ጦሳ ተራራ ከፍ አድርጋ የማመልከቻ ገጿን ስትከፍት ከጥር ጀምሮ የምታውቀው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው። መጋቢት ገብቶ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። ጉሙ በቀን ከተራራው እየተንሸራተተ ወርዶ ደሴን ሰፈር በሰፈር ይውጣታል፤ ቤቱም ውስጥ የእርጥብ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ጭስና የአባቷ የጀርባ ቅባት ሽታ ተደባልቆ ይቀመጣል።

ያመለከተችው አሜሪካ ለሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአሜሪካ ጥናት በሚባለው ክፍል ሦስተኛ ዲግሪዋን ለመሥራት። የምታጠናው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት አሜሪካውያን አስተማሪዎች ባስተማሩበት አንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ የተማሪዎቹን ደብተሮች አግኝታለች፤ ልጆቹ አይተውት ስለማያውቁት አገር፣ ስለ አሜሪካ፣ እንዳዩት አድርገው ጽፈውባቸዋል። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ "እናዝናለን" ተብላለች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው። ለታላቅ እህቷ ለዘሃራ "ዘንድሮ ካልሆነ እተወዋለሁ" ብላ ምላለች፤ ከተወችው በኋላ ግን ምን ሆና እንደምትኖር ማሰብ እንኳ አትችልም ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። በእኛ አገር ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አንተነህ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ፣ "አንቺው ጻፊውና በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ፈርሜ አስገባዋለሁ" አሏት። ሌሎቹ ሁለት መምህራንም ያንኑ ነው ያሉት። ራስን ማሞገስ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ነጃትም የመጀመሪያውን ቀን አንድ መስመር ጽፋ ሁለት መስመር ስትሰርዝ ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ግን እጇ ተፍታታ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕፃናትን በነፃ የምታስተምር ሆነች። በሁለተኛው ላይ ሰው ፊት ስትናገር ድምጿ የማይንቀጠቀጥ ሆነች፤ እውነተኛዋ ነጃት ክፍል ገብታ ስታስተምር እንኳ ዓይኗን ከሰሌዳው አትነቅልም። ሦስተኛው ግን ከሁሉም አማረ። አባቷ በስትሮክ ከወደቁ ጀምሮ ለአራት ዓመት ብቻዋን ያነሳቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ በማንኪያ ያበላቻቸው፣ ምንም ቢመጣ ከአጠገባቸው የማትለይ ልጅ እሷ ናት ይላል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች፣ እጇ በረኪና በረኪና የሚሸት፣ ለእህቷ የማመልከቻ ክፍያ ወርቋን የሸጠች ሴት ናት፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን ስሟ እንኳ የለም። ማመልከቻው የገባ ዕለት "ስለ አባባ ጻፍሽ? እኔንስ አነሳሽኝ?" ብላ ስትጠይቅ ነጃት "አዎ፣ እንዴት አላነሳሽም!" አለቻት።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወይዘሮ ዘይነባ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻትና፣ "ልጆቹ እኮ ቅዳሜን በጉጉት ነው የሚጠብቁት፤ አላህ ይስጥሽ" አለቻት። ነጃት ከሌላ ሰው ጋር አምታታችኝ ብላ ፈገግ አለችና አለፈች።

በሳምንቱ ዶክተር አንተነህ ኮሪደር ላይ አስቆሟት። "አንቺ ልጅ፣ ምላስ ነበረሽ ለካ! የማክሰኞው ቃለ መጠይቅ ላይ አስደነቀችን ብለው ጻፉልኝ።" ማክሰኞ ከሰዓት ነጃት ስልኳን አጥፍታ ፈተና ስታርም ነበር የዋለችው። የኢሜይል ሳጥኗን ስትከፍት ግብዣውም፣ መልሱም፣ የምስጋናው ደብዳቤም በስሟ ተጽፈው አገኘቻቸው፤ እንግሊዝኛው የእሷ ነው፣ ፍርሃቷ ብቻ ተነቅሎ ወጥቶለታል። ይህን ለአንድ ሰው መናገር ነበረባት። ግን ቃለ መጠይቁ ተሳክቷል ተብሏል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ዘግታ ወደ ፈተና እርማቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ጫማዋን ልታወልቅ በሩ ሥር ጎንበስ ስትል ጫማዋ እዚያው ተቀምጦ አየችው። ቡናማው፣ የግራ ተረከዙ ወደ ውስጥ የተበላው፣ ጭቃው ገና ያልደረቀው። ወደ እግሯ አየች፤ ቡናማው ጫማ፣ የግራ ተረከዙ የተበላው፣ በእግሯ ላይ ነው። ከውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ከሚደበድብበት ድምፅ በታች የሆነ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ሲያወራ ይሰማል፤ መጋረጃውን ስትገልጥ ግን አባቷ ብቻቸውን ናቸው። ጥፍራቸው ተቆርጧል፣ ጢማቸው ተስተካክሏል፣ ትራሳቸው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ እጇን ስታሳርፍ ይሞቃል።

"ቅድም የጀመርሽልኝን ጨርሺልኝ እንጂ" አሉ አባቷ በዚያ በተጣመመ አፋቸው እየሳቁ።

"ምኑን አባባ?"

"የልጆቹን ደብተር። ያን አሜሪካንን ሳያይ የጻፈውን ልጅ ነገር።" ከዚያ እጇን ያዙና ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። "ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ? ቅድም ሙቅ ነበር እኮ።"

ነጃት ስለ ጥናቷ ለአባቷ አንድ ቀን እንኳ ነግራቸው አታውቅም። ወደ በሩ ስትመለስ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ አገኘች።

ከዚያ በኋላ የሚገርመው ዘሃራ መለወጧ ነው። ከሰዓት በኋላ መተኛት ጀመረች፤ አራት ዓመት ሙሉ ያልተኛችውን እንቅልፍ። እጇ ላይ ሂና ታየ፣ የበረኪናው ሽታ ጠፋ፣ ሰርግ ሄዳ ስትመለስም የጎረቤት ወሬ ይዛ እየሳቀች ገባች። ምሳ ስታቀርብ ትሪው ዙሪያ ሦስት በርጩማ ታስቀምጣለች፤ አባታቸው አልጋቸው ላይ ነው የሚበሉት። ነጃት "ማን ሊመጣ ነው?" ስትል ዘሃራ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት "ማን ይመጣል?" አለች። ሦስተኛውን በርጩማ ግን አላነሳችውም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ መስኮቱ ሥር ያ የለመደችው ዓረፍተ ነገር ጠፋ። እንኳን ደስ አለዎት ይላል። የአምስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ዕድል፤ ኮሚቴው በተለይ ለአባቷ ባሳየችው ታማኝነት ልቡ ተነክቷል። ነጃት ጮኸች፣ ዘለለች፣ ዘሃራን አቀፈቻት። ዘሃራም ግንባሯን ሳመቻትና "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያም ጠየቀች።

"አባባን ማን ሊያይ ነው?"

"አንቺ አለሽ አይደል እንዴ፣ እታለም።"

"አለሁ" አለች ዘሃራ። መሐረቧን አስተካከለች። "ስሜን የቱ ጋ ነበር ያነሳሽው?"

"መጨረሻው ላይ። አመስግኜሽ።"

"መጨረሻው ላይ" ብላ ደገመችው ዘሃራ፣ በጣም በዝግታ፣ የሆነ ነገር እንድትመልስ የመጨረሻ ዕድል የሰጠቻት ይመስል። ነጃት ግን ልቧ አሜሪካ ገብቷል። ግብዣውን መቀበሏን ነገ ከክፍል በኋላ፣ ኔትወርኩ በማይቆራረጥበት በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ሆና ልትልክ ወሰነች።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ገጹን ከፈተች። "ተቀብያለሁ" የሚለው ቁልፍ የለም። በቦታው አጭር መልእክት አለ። ግብዣውን እንደማይቀበሉ ዛሬ ጠዋት የላኩልን ውሳኔ ደርሶናል፤ ከአባትዎና ከእህትዎ መለየት እንደማይችሉ የጻፉልን ቃል እዚህ ያሉትን ሁሉ አስለቅሷል፤ በሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ያወቅናት ሴት ሌላ ልትወስን እንደማትችል መገመት ነበረብን፤ ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ነጃት መልእክቱን አራት ጊዜ አነበበችው። ከአባትዎና ከእህትዎ ይላል። እሷ ስለ እህት ለማንም ጽፋ አታውቅም።

ባጃጅ መጠበቅ አልቻለችም፤ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ጉሙ ከመውፈሩ የተነሳ የራሷ እርምጃ ከኋላዋ የሚመጣ እየመሰላት ሦስት ጊዜ ዞረች። የቤቱ በር ተዘግቷል፤ በቀን ተዘግቶ የማያውቀው በር። ደፉ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ የዘሃራና የእሷ። በመስኮቱ ስታይ አባቷ ተደግፈው ቀና ብለው ይስቃሉ፤ አጠገባቸው የእሷን ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ በማንኪያ ታበላቸዋለች። የምታወራበት ድምፅ የነጃት ድምፅ ነው። አይንቀጠቀጥም።

በሩን ደበደበች። ዘሃራ የስንዝር ያህል ከፈተችውና በክፍተቱ ቆመች።

"እታለም፣ መልሱን እንድትልክ ስልክሽን ሰጠሻት? ይህን ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ?" እንባዋ መጣ። በሌላ በማንም ቢሆን ትችለው ነበር፤ በገዛ እህቷ መሸጥን ግን አልቻለችም። "ማናት እሷ?"

"ደብዳቤዎቹን አነበበችልኝ" አለች ዘሃራ። አልተቆጣችም፤ ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "ሦስቱንም። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል። ከዚያ ይቅር በይኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች።"

"እኔም ይቅር በይኝ! እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ነጃት ነኝ!"

ከውስጥ የማንኪያው ድምፅ ቆመ። "እታለም፣" አለ ያ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ በፍቅር፣ "በሩ ላይ ማን ነው?"

ዘሃራ ዓይኗን ከእህቷ ዓይን ሳትነቅል፣ ጉንጯ በእንባ እየራሰ፣ "ማንም አይደለች፤ ቤት ተሳስታ ነው" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።