የተቆረጠው የጉድጓድ ገመድ

ጦርነቱ ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ገብቶ የድንጋይ አጥሮች በረጠቡበት ሰሞን፣ ክቡር ከንቲባው ሹማምንታቸውን አስከትለው ከሟቹ ድንጋይ ጠራቢ ግቢ ገቡ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይም የእብነ በረድ ሰሌዳ አስተከሉ። «ይህ ጉድጓድ በኮሌራው ዘመን ሕይወት አዳነ» ይላል። እውነት ነበር፤ ከወንዝ የቀዳው ሕዝብ ሲረግፍ፣ ከዚህ የቀዳው ቤተሰቡን ይዞ ተርፏል። ጉድጓዱን በገዛ እጁ የቆፈረው ድንጋይ ጠራቢ ግን ይህን ክብር ሳያይ ጦር ሜዳ ቀርቷል።

ሠፈርተኛው «እሜቴ» የሚላቸው የጠራቢው ባልቴት፣ ሰሌዳው ሲተከል ደስ አላቸው ማለት ውሸት ነው፤ ልባቸው ያለው ከቤት ውስጥ ነበር። ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ እናትና አባቷን ኮሌራ የወሰደባት የልጅ ልጃቸው፣ ጉልበቷ እየተጣመመ ከበር እስከ ጉድጓድ መራመድ አቅቷት ነበር።

በሳምንቱ የጤና መሥሪያ ቤት የላከው ውሃ መርማሪ መጣ፤ የግል ጉድጓዶችን ሁሉ እየዞረ ይመረምር ነበር። የዚህን ሠፈር ልጆች ጥርስ መበለዝ አይቶ ነው የመጣው፤ ሠፈርተኛውማ «የእሜቴን ጉድጓድ ልጅ ለመለየት አንዴ ማሳቅ ይበቃል» እያለ ይቀልድበት ነበር። መርማሪው በጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹን ደርድሮ፣ በአንዱ ከጎረቤት በርሜል የመጣ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የጉድጓዱን ውሃ ቀዳ፤ ከቀይ መድኃኒትም አንዳንድ ጠብታ ጨመረ። የዝናቡ ቀልቶ ቀረ፤ የጉድጓዱ ግን ወደ ቢጫ አደላ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ እንደ እንባ የጠራ ውሃ ነው» አሉ እሜቴ።

«መጥራቱማ ጠርቷል፤ ግን ቢጫው እንደሚያሳየው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለበት። ማንም አልጨመረውም፤ ከሥር ካለው አለት እየሟሟ ነው የሚመጣው። ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ያጣምማል።»

እሜቴ እፎይ አሉ። «እንግዲያው የእኔን ልጅ አይነካትም። በኮሌራው ጊዜ ሐኪሙ አፍልታችሁ ጠጡ ካለን ወዲህ፣ ተንተክትኮ ግማሹ ካልቀረ በቀር ውሃ አጠጥቻት አላውቅም።»

መርማሪው ባዶ ብርጭቆ አንሥቶ፣ «እስቲ ከፈላው ይስጡኝ» አለ።

ብርጭቆው ፍጹም ቢጫ ሆነ።

«እሳት ተሐዋሲን ይገድላል፤ ድንጋይን ግን አይገድልም» አለ ቀስ ብሎ። «የሚተነው ውሃው ነው፤ ማዕድኑ በቀረው ላይ ይጠራቀማል። ግማሹ ሲቀር እጥፍ ይሆናል።»

እሜቴ ተቀመጡ። «የሌላው ሰው ልጅ ጥርሱ ብቻ በልዞ ሲተርፍ፣ የእኔዋ እግሯ የተጣመመው እንግዲህ ስለ ተጠነቀቅሁላት ነው» አሉ፤ እንባቸውም ወረደ።

«የታዘዙትን ነው የፈጸሙት፤ ያን ጊዜ ባያፈሉ ልጅቱም ላትተርፍ ትችል ነበር።»

«ይቃናል?»

«ከዛሬ ጀምሮ የዝናብ ውሃ ከጠጣች መባባሱ ይቆማል፤ ልጅ ናትና ጥቂት ሊቃናም ይችላል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

በማግስቱ ጠዋት ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እሜቴ በባላቸው ቢላዋ የጉድጓዱን ገመድ ሲቆርጡ አገኟቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሰምቶ እየሮጠ መጣና፣ «እሜቴ፣ የሰሌዳው ሲሚንቶ ገና ሳይደርቅ? ክቡር ከንቲባው ምን ይላሉ? ነገሩ ቀስ ተብሎ ይጠና እንጂ» አለ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆኖብኛል፣ ጌታዬ፤ እርስዎ ያጥኑት፣ የእኔዋ ግን እስኪጠና አትጠብቅም» አሉ።

«ባልዎ የደከሙበትን?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ እንስራዋን እንደ ታቀፈች።

«ባሌ የቆፈረው ሰው እንዲድንበት ነው፤ ዛሬ የሚድኑበት ሲተዉት ነው። ነይ፣ በርሜሌን ጣሪያሽ ሥር እናቁምና ዝናቡን አብረን እንጠጣ።»

የከተማው ዜና መዋዕል የኮሌራውን ዓመትና የከንቲባውን ንግግር በወጉ ጽፏል፤ ስለ ተቆረጠው ገመድ ግን አንዲት ቃል አላኖረም። ልጅቱ አድጋ፣ ጥቂት እያነከሰችም ቢሆን በእግሯ ሄዳ አያቷን ቀበረች። ሰሌዳው ዛሬም በተተወው ጉድጓድ አፍ ላይ «ሕይወት አዳነ» ይላል፤ አልዋሸም፤ ሁሉን አልተናገረም እንጂ።