ያልተሰቀለው ፖስተር

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። የታላቅ እህቴ የእትዬ ሚዜና የሥራ ባልደረባ ነበረች። «ቶሎ ና፤ እህትህ ወድቃለች» አለችኝ። ስደርስ እትዬ በመሥሪያ ቤቷ የሻይ ክፍል ወለል ላይ ተጋድማ ነበር። ፊቷ አብጧል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የካካዎ ብስኩት አለ። የምትወጋው መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዋ ደግሞ ፎቅ ላይ።

መሥሪያ ቤቱ ለምግብ አምራቾች ማስታወቂያና በስልክ የሚነበብ ኮድ ይሠራል። አዲሱ ብስኩት ላይ ሥዕልና ኮድ ብቻ ነው ያለው፤ ምን እንደገባበት ማወቅ የፈለገ ስካን ያደርጋል። ሐሳቡ የእትዬ ነበር። ኦቾሎኒ ትንሽ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል። ስለዚህ የሰው ቃል አታምንም፤ ስልኳን አውጥታ ሳታይ ምንም አትበላም።

በማግስቱ የመጡት መርማሪ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። ጉንፋን ይዟቸው ይስላሉ። ኮዱን በስልካቸው አነበቡት።

«ኦቾሎኒ አለበት ይላል።»

«እንግዲህ ተዘናግታ ነዋ!» አለ የእትዬ አለቃ። «ነፍሷን ይማር።»

«እትዬ አትዘናጋም» አልኩ። መርማሪዋ ቀና ብለው አዩኝና ጥግ ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ።

የብስኩቱን ናሙና ከፋብሪካ ያመጣው የእትዬ ባል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነው። እሑድ ዕለት ከአለቃሽ ጋር ታመሻለሽ ብሎ በሰው ፊት ጮሆባታል። «ቅናቱ ነው የበላት» አለች እናቴ። ሊያስሩት ነው ተባለ። ከታሰረ የአምስት ዓመቷ ልጃቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ እናትም አባትም ልታጣ ነው።

«ትቀናለህ ይባላል» አሉት መርማሪዋ።

«እቀናለሁ። ሚስቴ ናት፤ በጎረቤት ሚስት ልቅና?»

«ስልኳን ትበረብር ነበር?»

«አዎ። አንድም ነገር አላገኘሁም። እሱም ያናድደኝ ነበር።»

ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «መለጠፍስ ትችላለህ?»

«እኔ? ቴምብር እንኳ አጣምሜ ነው የምለጥፈው፣ እናቴ።»

አለቃው በአጭሩ መለሰ። «ከእሷ ጋር የነበረን ሥራ ብቻ ነው። ዛሬ የብስኩቱን ማስታወቂያ ለደንበኛው ልታቀርብ ነበር። አሁን ለሚዜዋ ሰጠሁት።»

ሚዜዋ ስታለቅስ ውላ ድምጿ ሰልሏል። «አብረን ነው የተቀጠርነው። በሠርጓ ቀሚሷን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ሥራውንም አብራችሁ ነበር የምትሠሩት?»

«አብረን። ግን ሲወራ "እነ እሷ የሠሩት" ነው የሚባለው። እኔ "እነ" ውስጥ ነኝ።» ሳቀችና አፏን በመሐረብ ያዘች።

መርማሪዋ እሽጉን እንደገና ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ብዙ አዩት። በኮዱ ዙሪያ የወረቀቱ አንጸባራቂ ገጽ ተልጧል።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንንም ሻይ ክፍል ሰበሰቡን።

«ሟቿ በስልኳ መጨረሻ የከፈተችው ኦቾሎኒ የሌለበትን ሌላ ብስኩት ገጽ ነው» አሉ። «ይሄ እሽግ ግን ኦቾሎኒ አለበት ይላል። ስለዚህ ስታነበው ሌላ ኮድ ተለጥፎበት ነበር። ከወደቀች በኋላ ተላጠ።»

«ተለጣፊው ከየት መጣ?» አለ አለቃው።

«ከዚሁ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ኮድ ትሠራላችሁ አይደል?»

«አዎ። የጋዜጣው ሌላ፣ የፌርማታው ፖስተር ሌላ። የአንድ ብስኩት ማስታወቂያዎች የሚከፍቱት ገጽ አንድ ነው፤ ሰው የትኛውን አይቶ እንደመጣ ግን ኮምፒዩተሩ ይነግረናል።»

«ኮምፒዩተራችሁ ሟቿ ኦቾሎኒ ከሌለበት ብስኩት የፌርማታ ፖስተር መጣች ይላል። ፖስተሩ ግን ገና አልተሰቀለም።»

መርማሪዋን ሳል አቋረጣቸው፤ ከዚያ ቀጠሉ።

«ያንን ኮድ ከእሷ ቀድሞ ያነበበ ሌላ ስልክ አለ። ገዳይ የገዛ ወጥመዱን ለምን ይነካል? ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ከዚያ ማተሚያው በላይ የሰቀላችሁትን አየሁ፦ "ሳይሞከር አይለጠፍ"። ሹፌሩ ቢሆን ለጥፎ ይሄዳል። ሙያው ያለው እጅ ግን ሳይሞክር መለጠፍ አይሆንለትም።»

«እኔም ሙያው አለኝ» አለ አለቃው ፈራ ተባ እያለ።

«እርስዎ በዚያ ሰዓት ደንበኛው ዘንድ ነበሩ፤ ጠይቄያለሁ። ተለጣፊውን የላጠው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ነው።» ወደ ሚዜዋ ዞሩ። «ስልክሽን ክፈቺልኝ፣ ልጄ።»

ሚዜዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አልከፈተችውም።

«እንድትሞት አልነበረም» አለች። «ታማ እንድትቀር ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እኔ እንዳቀርበው።»

ባልየው ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ወንድ ስጠረጥር ነው የኖርኩት» አለ።

«መጀመሪያ ተለጣፊውን ላጥሽ፣ ከዚያ ለእኔ ደወልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ስልኳን ወደ መርማሪዋ ገፋ አደረገችው።

ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላት። የእትዬ ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት አባቷ ነው።