የተንሸራተተው ወሰን

የመምህር ደሳለን አስከሬን ከአሸተን ማርያም በታች፣ ከገደሉ ሥር ያገኙት አባ ወልደ ኪዳን ናቸው። ኢንስፔክተር ባንችይርጋ ከላሊበላ ወጥታ ስትደርስ ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል፤ በቀኝ እጁ ስልኩን ጨብጧል። አላቃ አገላበጠችው። ስልኩ ተዘግቷል፤ መስታወቱ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም።

«አባ፣ ነክተውታል?»

«እግዚኦ! ሰው ልጠራ ሮጥሁ እንጂ።»

«እንግዲያው የስልኩን ነገር ለማንም አይንገሩብኝ።»

ስልኩን ከኪሷ ከትታ አስከሬኑን ሸፈነችው። ሌላ ሰው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ደሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ማንም በነጻ ሊያየውና ሊያርመው በሚችል የኢንተርኔት ካርታ ላይ የላስታን መንገዶችና ምንጮች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይሥል ነበር። በዚያ በ2008 ዓ.ም. ሰኔ መንግሥት ከሁለት ዓመት በፊት አስለክቶ ያጸደቀውን የቀበሌዎች ወሰን መጨመር ጀምረው ነበር። በሞተበት ቀን ከሰዓት «ወሰኑን በዓይኔ ልይ» ብሎ ብቻውን ወጣ።

ባንችይርጋ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሥራ ባልደረባውን ንጋትን ነው። ልጅቷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«መስመሩን ቶሎ እንጫነው ብዬ የወተወትሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ጠረጠረ። የመሬት ቢሮ ሰዎች የለኩት በድሮ የልኬት መነሻ ነጥብ ነው፤ ሳይቀይሩ አዲሱ ካርታ ላይ ሲያስቀምጡት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። በሞተበት ቀን ጧት መስመሩን አብረን ወደ ቦታው መለስነው።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከሁለታችን በቀር ማንም። መስመሩ ሲመለስ እኮ…» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው የሞተበት ምንጭ ጋሽ ሙሉሃብት ቀበሌ ገባ።»

ባንችይርጋ ደነገጠች። አምና ዝናብ ቀርቶ ሌላው ውኃ ሁሉ ሲደርቅ፣ የገበሬው የሙሉሃብት ወንድም በዚያ ምንጭ ሰበብ በጎረቤት ቀበሌ ሰው ተገድሏል። ገዳዩን ያሰረችው እሷ ናት።

ሙሉሃብትን ከማሳው ዳር አገኘችው።

«ደሳለ ወይራው ሥር አገኘኝ» አላት። «‹ወሰናችሁ የት ነው?› ቢለኝ ወይራው ነው አልሁት። ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ‹ነገ መጥቼ አንድ ነገር እነግርዎታለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

«ካርታውን አሳየዎት?»

«ምን ሊረባኝ ልጄ? ፊደል አልቆጠርሁ።»

የመጨረሻው አቶ አዳም ነው፤ ወሰኑን አስለክቶ የፈረመው የመሬት ባለሙያ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ያሳዝናል። ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ መስመሩን ተከትሎ ሄዶ ይሆናል። መስመሩ የሚያልፈው በገደሉ አፋፍ ነው። ስልኩን እንደጨበጠ ቀረ፣ ምስኪን።»

«በዕለቱ አግኝተውት ነበር?»

«ኧረ! ሰሞኑን ጭራሽ አላየሁትም።»

አመስግናው ወጣች። ደጅ ስትደርስ፣ የመስመሩ ስሕተት ከደሳለ ሞት አልፎ የአምናውንም ግድያ እንደሚነካ ገባት።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ወይራው ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ራቅ ብለው ቆሙ።

«ደሳለ አዳልጦት አልወደቀም» አለች። «ከዚያ ገደል የወደቀ ሰው ያገኘውን ድንጋይ ይቧጥጣል እንጂ ስልክ ጨብጦ አይደርስም። ቢደርስ እንኳ ስልኩ ይደቅቃል። እንግዲህ አንድ ሰው ወርዶ አስጨብጦታል። ለምን? ካርታ ሲያይ ወደቀ እንዲባል። ንጋት፣ ክፈቺው።»

ንጋት የምታውቀውን የይለፍ ቁጥር ነካክታ ስልኩን አዞረችላቸው። መስመሩ ያለፈው በወይራው በኩል፣ ከገደሉ ርቆ ነው።

«ያስጨበጠው ሰው ስልኩን መክፈት አልቻለም። መስመሩ አሁንም በገደሉ አፋፍ ያለ መስሎታል። ጋሽ ሙሉሃብት ካርታውን አያውቁትም። ንጋት ራሷ ስለመለሰችው እንዲህ ያለ ውሸት አትፈጥርም። የቀድሞውን መስመር ብቻ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ አቶ አዳም። ስልክ መጨበጡንስ ማን ነገረዎ? ከእኔና ከአባ በቀር ያየ የለም።»

«እኔ ትንፍሽ አላልሁም» አሉ አባ።

«ሊያርመው ነው ብለው ገደሉት» አለች ባንችይርጋ። «አርሞ መጨረሱን አልነገረዎትም።»

አዳም ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ደውሎ አፋፉ ድረስ ጠራኝ። ‹ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት› አለኝ። ሆን ብዬ ሳይሆን ስሕተቱን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት። ጥቂት ጊዜ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ‹ሰው የሞተበት መስመር ነው፣ እንዴት ዝም እላለሁ?› ብሎ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ታገለኝ… ገፋሁት። ስልኩ አፋፉ ላይ ወድቆ ቀረ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ባንችይርጋ የፈራችው ሙሉሃብት በዱላው እንዳይከተለው ነበር። ሽማግሌው ግን ንጋትን ነው የጠየቀው።

«ያ ወንድሜን የገደለው ሰው፣ ምንጩ ያንተ ነው ተብሎ ኖሯል?»

«አዎ፣ ጋሼ። በመስመሩ መሠረት የእነሱ ነበር።»

«ዓመቱን ሙሉ ሌባ እያልሁ ረገምሁት።»

ዱላውን አነሣና ቁልቁል ሳይሆን ወደ ላይኛው መንገድ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለችው ባንችይርጋ።

«ሙጃ። የዚያ የታሰረው ሰው እናት ደም መላሽ ፈርታ እዚያ ገብታለች። ሌባ ወለድሽ ሲሏት ከርመዋል፤ ልንገራት።»

«ብቻዎን ደጃቸው ቢደርሱ ለበቀል የመጡ ይመስላቸዋል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ባንችይርጋ ፖሊሶቹ አዳምን ይዘው ወደ ላሊበላ እንዲቀድሟት በእጇ ምልክት ሰጠችና ነጠላዋን አጥብቃ፣ ከሽማግሌው ፊት ሆና መንገዱን ጀመረች።