ይልቀቁኝ

ሰዓት ጠጋኙ ከደረጃው ግርጌ ወድቋል። ለዚያ ጠዋት የገዛው ክራቫት እንደታሰረ ነው። ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ ትከሻውን ትነቀንቃለች።

«ኧረ ይነሱ! በፈጣሪ፣ ይነሱ እንጂ!»

መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሰው ሲያለቅስ የሚናገረውን ማድመጥ ልማዱ ነው።

ባልና ሚስቱ በዚያው ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው ትዳራቸው የእውነት መሆኑን ሊያስረዱ ነበር። የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ አገር ቤት በእናቷ እጅ ትታት የመጣችው ልጇም ያን ፈቃድ ትጠብቃለች።

ሐኪሙ ከሬሳው ቀና አለ። «ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አለ። ደግሞ ወዲያው አልሞተም። ቶሎ ተጠርተን ቢሆን…» አለና ተወው።

በግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት።

«ግድግዳው ወረቀት ነው ልጄ። እነሱ ሲያስነጥሱ ‹ይማራችሁ› የምለው እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ ምን ሰሙ?»

«እሱን ሰማሁት። ‹እባክዎ ይልቀቁኝ› አለ፤ ከዚያ አንድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ። ዕቃ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ፤ አፈር ልብላ! ኮቴ ወደ ላይ ሮጠ፣ ቆየት ብሎ ወረደ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«‹ልቀቂኝ› ይሆን ያለው? ወይስ ‹ልቀቀኝ›?»

«ጆሮዬን ገና አልሸጥኩትም። ይልቀቁኝ!»

የሟች ታላቅ እህት የገዛችውን ዳቦ እስካሁን እንደታቀፈች ናት።

«ወንድምዎ አንቱ ይልዎት ነበር?»

«እኔን? አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ? ‹አንቺ ጨቅጫቃ› ነበር ስሜ» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ጠበቃው የሟች የልጅነት ጓደኛ ነው። ሊወስዳቸው መጥቶ በር ላይ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር፤ እህትየዋ ለዳቦ ከወጣች በኋላ የገባም የወጣም ሰው አላየም።

«አንቱ? የትምህርት ቤት አጥር አብረን የዘለልን ሰዎች! ትናንት የቢሮውን ጥያቄ ሳስጠናቸው ‹አንተ ደደብ፣ ሚስትህ በየትኛው ጎን እንደምትተኛ አታውቅም?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ሳታገባ አዋቂ ሆንክብኝ› አለኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ጫማውን ማየት ያዘ። የእውነት ትዳር ጥናት እንደማያሻው ያን ጊዜ ትዝ ያለው ይመስላል።

ሚስቲቱ ቃሏን ስትሰጥ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ባሌ አንቺ ነው የሚለኝ፤ ሌላ ምን ይበለኝ? አብረን ተኝተን ስነቃ አጠገቤ አጣሁት።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «ባል ሲሞት ማመልከቻውም ይሞታል?»

«ትዳሩ የእውነት ከነበረ የሚጠየቅበት መንገድ ይኖራል።»

«የእውነት ነው» አለች፣ ቶሎ ብላ።

መርማሪው ፎቅ ወጣ። የሟች አልጋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ስለማይዝ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። ከመተላለፊያው ማዶ ባለችው ትንሽ ክፍል ደግሞ አንሶላው የተጨማደደ ሌላ አልጋ አለ፤ ትራስ የለውም።

ሲወርድ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍ በታች ሰበሰባቸው።

«ሟች ‹ይልቀቁኝ› ያለው አንቱ ለሚለው ሰው ነው። እናንተ ደግሞ በዚህ ቤት አንቱ የሚባል የለም አላችሁኝ። ከውጭ የገባ የለም። እህት በደጅ፣ ጠበቃው በመኪና ነበሩ። ፎቅ ላይ የነበሩት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው።»

«አንቺ ይለኝ ነበር ብያለሁ» አለች ሚስቲቱ።

«ሬሳው ላይ ‹ይነሱ› ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ባሏን አንቱ የምትል ሚስት ሞልታለች። ሚስቱን አንቱ የሚል ባል ግን አላጋጠመኝም። አንተና አንቺ ለቢሮው የተጠና ነበር። ብቻችሁን ስትሆኑ ተከባብራችሁ፣ በየክፍላችሁ የምታድሩ እንግዶች ነበራችሁ። ወደ ላይ የሮጠው ኮቴ የእርስዎ ነው፤ የሮጡትም ትራስዎን ከእርስዎ አልጋ ወደ እሱ አልጋ ሊያዛውሩ ነው።»

ሚስቲቱ ቀና ብላ የሠርጉን ፎቶግራፍ አየች።

«‹ውሸት ላይ መማል አቃተኝ፣ እውነቱን ልናገር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ› አሉኝ» አለች በመጨረሻ። «ልጄ በዓይኔ መጣች። ክንዳቸውን ያዝኩ። ሲያስለቅቁኝ… ወደቁ። ዓይናቸው ክፍት ነበር። ስልክ አነሳሁ። ከዚያ ‹ሰው መጥቶ ሁለት አልጋ ያያል› አልኩ። ሳልደውል ትራሴን ላስተካክል ወጣሁ። ስመለስ…»

እህትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አሳዝናኝ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንቺ ይላታል ብዬ ነበር።» ጠበቃው አንገቱን እንደደፋ ቀረ። መርማሪው ሰውን ገልጦ ማየት ሥራው ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የሁሉን ልብ የሚያውቅ አንድ እሱ ይፍረድ ብሎ።

«እንግዲህ እንሂድ» አለ። «ኮትዎን ይልበሱ።»

«አንቺ ይበሉኝ» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «እርስዎ የሚሉኝ አንድ ሰው ነበሩ።»