የመስቀል ልቅለቃ

ግድግዳዬ ዝንጉርጉር ነው። አዎ፣ ዝንጉርጉር ነው! የደሎ መና ሰው ሁሉ ይስማ፤ የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ የረጩት ነጭ ነገር ደርቆበታል፣ እኔ ማናልበሽም አላስነካውም።

አምናም ተረጭቶልን ነበር። "ትንኟ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ይገድላታል፤ ስድስት ወር እንዳትለቀልቁት" ብለውን ሄዱ። መስቀል ሲደርስ ግን እኔ ጎበዟ፣ እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብዬ ከጓሮ አፈር ቆፈርኩ፤ በእበት ለውሼ ቤቱን ለቀለቅኩት። አማረ። መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ቀረ፣ የቆፈርኩት ጉድጓድም ውሃ አቆረ። በጥቅምት፣ እዚህ ቡሳ የሚሉት ወባ የአራት ዓመት ልጄን ሠርከአዲስን ገደለብኝ።

ዘንድሮ አማቴ እማማ እኅተማርያም ለበዓሉ ከጎባ ወረዱ። ገና ሲገቡ ግድግዳውን አይተው ጮኹ።

"ምን ጉድ ነው ልጄ? ለመስቀል ያልተለቀለቀ ቤት! ሰው ምን ይለናል?"

"ያሻውን ይበል፣ እማማ።"

"ወባን የሚያመጣው የቆላ አየር ነው። ግድግዳ ምን አደረገ!"

እኔ ገበያ ስውል እሳቸው ጓሮ ቆፈሩ። ዝናቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ ልቅለቃውን አላስጀመራቸውም። በዋዜማው ጭቃውን ለውሰው ይዘው ሲገቡ፣ ሕፃኑን ልጄን ተክለማርያምን እንዳዘልኩ ግድግዳው ፊት ተገተርኩ።

"እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ይለቅልቁኝ!"

"አበድሽ እንዴ?"

እጃቸውን ይዤ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ወሰድኳቸው። ባቆረው ውሃ ውስጥ ቀጫጭን ትል ይተራመሳል።

"ይኼ ክንፍ ሲያወጣ ትንኝ ነው። ሠርኬን የቆላ አየር አልገደላትም፣ እማማ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው፣ የቆፈርኩትም እኔ ነኝ!" አልኩና እንባዬ አሸነፈኝ።

እማማ ወደ ውሃው ጎንበስ አሉ። ጀርባዬ ላይ የተኛውን ሕፃን አዩት። ከዚያ የለወሱትን ጭቃ አምጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጡት፣ የቀረውንም አፈር በእጃቸው እየዛቁ ሞሉት፤ በእግራቸው ረገጡት።

እናንተም እናቶች፣ የተረጨውን አትለቅልቁ፤ ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ ሁሉ ድፈኑ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ልጅ ቀብሬያለሁና ስሙኝ።

በበዓሉ ዕለት አንድ እንግዳ ግድግዳውን አይቶ ፈገግ አለ። ከእኔ በፊት የተነሡት እማማ ናቸው።

"ምን ታያለህ? ግድግዳችን ዝንጉርጉር ነው! ያፈረ ውጭ ይብላ!"