ኸሊል የሰጠው የቤት ሥራ

ኸሊል በሰው ምድር ቤት፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ ከግድግዳው የተነቀለውን የደረጃ መደገፊያ እንጨት እንደጨበጠ ነበር። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ያገኙት የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሙሐመድአወል ናቸው፤ ፖሊስ የጠሩትም እሳቸው፣ ፖሊስ የጠረጠረውም እሳቸውን።

ለመጠርጠሩ ምክንያት አልጠፋም። አዛውንቱ ሚነርቫ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለችውን ቤት የገዙት በስደት አገር ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተሸክመው ነው። ሚስታቸው በሞቱ በሳምንቱ ኸሊል ለቅሶ ደረሰ፣ አብሯቸው አለቀሰ፣ ከዚያ አስፈረማቸው። የኪራይ ወረቀት መስሏቸው የፈረሙት የሽያጭ ውል ነበር፤ ዋጋውም ከግማሽ በታች። ባለፈው ዐርብ መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ አንገቱን አንቀው «ሳልገድልህ አልሞትም!» ማለታቸውን ያልሰማ የለም።

ኸሊል ቤት ሳይገዛ ቤት የሚሸጥ ሰው ነበር። ከተቸገረ ባለቤት ጋር በርካሽ ይዋዋልና ውሉን ለሌላ ገዢ በትርፍ ያስተላልፋል። ይህንኑ ለጀማሪዎች በክፍያ ያስተምራል። ሁለት ምክሮቹን ተማሪዎቹ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። አንደኛው «ቤት ስታዩ ያያችሁትን ጉዳት ሁሉ ጻፉ፤ ያልጻፋችሁት ከኪሳችሁ ይወጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለቅሶ ቤት ቀድማችሁ ድረሱ» ነው። እንዲህ ያለ መምህር ብዙ ዕድሜ ማግኘቱም ይገርመኛል።

እሑድ ጠዋት መርማሪ ሀጂራ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፤ በከተማው ፖሊስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች፤ ሰው ሲዋሻት ደስ ይላታል፣ ሥራዋ ስለሚቀልላት።

«ጋሼ፣ ትናንት የት ዋሉ?»

«ኢስተን፣ ገበያ ማዕከሉ። ተማሪዎች ቤቱን ሊያዩ ነው፣ ውጡ አሉኝ፤ ወጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገዛ ሳይ ዋልኩ።»

«ማን አየዎት?»

«ሽማግሌ ማን ያያል ልጄ?» አሉና አይናቸውን ጠረጉ። «እሰሪኝ፣ ግድ የለም። ቤቴን ግን አትስጫቸው። የባለቤቴ ልብስ ገና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።»

ሀጂራ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ላይኛው ደረጃ ላይ ሁለት የሸሚዝ ቁልፎች ወድቀዋል። ከሟቹ ሸሚዝ ደረት ላይ የጎደሉትም ሁለት ናቸው። ሐኪሙ የሞተው አሥር ሰዓት ገደማ ነው ብሏል።

ቅዳሜ ሦስት ተማሪዎች በየተራ፣ ለየብቻ ቤቱን አይተው የጥገና ዝርዝር እንዲልኩ ታዘው ነበር። የበሩን ቁልፍ የያዘችውን ሣጥን መክፈቻ ቁጥር ሦስቱም ያውቃሉ። መጨረሻ የገባው ሙክታር ዕቃ አድራሽ ሾፌር ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ እትዬ። ፒክቸር አነሳሁ፣ ሊስቱን ኢሜይል አደረግኩ፣ ወደ ዴሊቨሪዬ ሄድኩ።»

«ኸሊልን ማን ይጠላው ነበር?»

«የማይጠላው ማን አለ? ሐሙስ ዕለት ጁነዲንን እፊታችን አዋረደው። ሽማግሌውን ያገናኘው ጁነዲን ነው፤ የሚስታቸው የወንድም ልጅ ነው። ኸሊል ከትርፉ ግማሹ ያንተ ነው ብሎት ነበር። ከዚያ ‹አንተ ተማሪ እንጂ ሸሪክ አይደለህም› አለው።»

ከእሱ በፊት የገባችው ሰምሀል ኢስተን ጫማ ትሸጣለች። አይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ፈርስት ዲሌን እንኳ ገና አልሠራሁም እትዬ፤ አንድ ቤት አልሸጥኩም።»

«አሁን ወዴት ነሽ?»

«ለቅሶ። የኸሊል ሚስት፣ ጀነት፣ ብቻዋን ቀርታለች።»

ሀጂራ ደግነቷን ወደደችላት።

ሁሉንም የቀደመው ጁነዲን ነው። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ።

«እኩለ ቀን ላይ ገብቼ ወጣሁ። ወላሂ አልተመለስኩም። ጋሼ ምንም አላደረጉም እትዬ፤ ቤቱ አሮጌ ነው፣ ኸሊል ወድቆ ነው የሚሆነው።»

«ይሆናል» አለች ሀጂራ። «ሊስትህን ላክልኝ።»

ሰኞ ጠዋት አራቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛውንቱ ሶፋቸው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ኸሊል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ላይኛው ደረጃ ላይ ደረቱን ይዞ የገፋው ሰው አለ፤ የሸሚዙ ቁልፎች እዚያው ረግፈዋል። ሲወድቅ መደገፊያውን ያዘ፤ መደገፊያው ተነቅሎ አብሮት ወረደ። ሙክታር፣ ስለ ቤዝመንቱ ደረጃ ምን ጻፍክ?»

«ደህና ነው፤ መደገፊያው ቀለም ብቻ ይፈልጋል።»

«ፎቶውም ይኸው፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል። መደገፊያው ግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይም ደህና ነበር ማለት ነው።» ሌላ ወረቀት አነሳች። «ይሄ የጁነዲን ነው። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ሬሳውን ሳያገኙት በፊት የተላከ። አሥራ አራተኛው መስመር፦ ‹የቤዝመንት ደረጃ መደገፊያ ተነቅሏል፤ አዲስ እንጨትና ብሎን፤ መቶ ሰማንያ ዶላር።›»

ወረቀቱን ጁነዲን ፊት አስቀመጠች።

«አንተ ስትገባ ያልተነቀለውን እንዴት አየኸው ጁነዲን? ኸሊል እዚህ ሳለ ተመልሰሃል። ገፍተህ ጣልከው፣ መሞቱን አየህ፣ ከዚያ ቤትህ ሄደህ የቤት ሥራህን ጨረስክ። እንዳትጠረጠር ብለህ ለሟቹ ላክህለት። ጨብጦት የሞተውን እንጨት ዋጋ አወጣህለት።»

ጁነዲን ወረቀቱን አየ።

«ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ ይለን ነበር» አለ። «ግማሹ የእኔ ነበር እኮ።»

«የምኑ ግማሽ?» አሉ ጋሼ ሙሐመድአወል።

ጁነዲን አክስቱ፣ የአዛውንቱ ሟች ሚስት፣ አጉርሰው ያሳደጉት ልጅ ነው። እጁን ለካቴና ሲሰጥ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ፖሊሶቹ ይዘውት ከወጡ በኋላ አዛውንቱ ቀስ ብለው ተነሡ። «ሀጂራ ልጄ፣ እንግዲህ ቤቴ ቀረልኝ?»

«ውሉ በኸሊልና በጀነት ኩባንያ ስም ነው፤ አሁን የጀነት ነው። ርኅሩኅ ሴት ናት። አሁኑኑ እወስድዎታለሁ፤ ቀድዳ ትጥልልዎታለች።»

አዛውንቱ ኮታቸውን ፈለጉ። አንዱን እጅጌ እንዳጠለቁ ሰምሀል ጉሮሮዋን ጠረገች። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ጀነት ትናንት ሳይን አድርጋልኛለች» አለች። «ውሉን ለእኔ አስተላልፋለች።»

ሀጂራ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ምን እንደሆነ አንብባዋለች?»

«እያለቀሰች ነበር።» ሰምሀል ወደ አዛውንቱ ዞረች፤ አይኗ አሁንም እንዳበጠ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ገዢዬ አፐር አርሊንግተን፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ነው ያለው፤ ይቸኩላል። እስከ ዐርብ ይውጡልኝ።» ከዚያ ስልኳን ከፍታ ዝርዝሯን አየች። «ሙክታር፣ ጁነዲን መደገፊያውን ስንት ነበር ያለው? መቶ ሰማንያ?»

ጋሼ ሙሐመድአወል ኮታቸውን መልሰው አወለቁ። የሚስታቸውን ልብስ ሊያጣጥፉ ወደ መኝታ ቤት ገቡ።