ከጥላ የማትወጣው ቢራቢሮ

«እሾህ ነው አልኩሽ!» አለች ወሬ ስለማታቋርጥ ሞተር የሚሏት ልጅ፣ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጇ ጨብጣ።

ሚጢጢ ግን አይታለች። ጓደኛዋ ቢራቢሮዋን ፎቶ ለማንሳት በርከክ ስትል፣ ከረገፈው ቅጠል ውስጥ አንድ ነገር ተስፈንጥሮ ወዲያው ሲሰወር። እሾህ ደግሞ አይሸሽም።

ወደዚህ ያመጣቻቸው ቢራቢሮዋ ነች። የሳይንስ መምህራቸው እንዳሉት፣ ሁለት ንዑስ ዝርያ አላት፤ ከተራራው ወዲያ ያለችው ክንፏ ላይ ቢጫ መስመር፣ ከወዲህ ያለችው ነጭ። ሁለቱም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ አይወጡም። ባለ ነጭ መስመሯን ማየት የፈለገ እንግዲህ ወደተከለከለው የደኑ ክፍል መዝለቅ አለበት። የከለከሉት ደግሞ የደኑ ጠባቂ፣ የሞተር አባት ናቸው።

«አባዬ ከሰማ አለቀልኝ። ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ቃል ግቢልኝ!»

«እሺ» አለች ሚጢጢ።

ሚጢጢ ደግፋት መንገድ ጀመሩ። ሞተር እያነከሰችም ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ስለ ፎቶው፣ ክፍሉ በሙሉ እንዴት እንደሚቀና። የደኑ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አለች። መምህራን ዝም ማሰኘት ያቃታቸው ልጅ! ሚጢጢን ያስፈራት ይሄ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። የጓደኛዋ እግር እስከ ባቷ አብጧል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ትንሽ ልረፍ… ይሻለኛል…»

ከወዲያ ማዶ የጥበቃ ቤቱ ይታያል። ጠባቂው ደጃፉ ላይ መኪናቸውን ያጥባሉ። ቁጣቸው ሰፈሩን የሚያርበደብድ ሰው ናቸው።

ሚጢጢ ሞተርን ዛፍ አስደግፋ አስቀመጠቻት። «ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«የት ልትሄጂ ነው? ከነገርሽው ጓደኛዬ አይደለሽም! ሰማሽኝ?»

ሰምታለች። ወደ ጥበቃ ቤቱ ሮጠች።

«አንቺ! ከደን ውስጥ ነው የምትወጪው?» ጮኹ ጠባቂው።

«ጋሼ፣ ልጅዎን እባብ ነድፏታል!»

ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ። ሚጢጢ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይታ አታውቅም፤ የባሰውን ፈራች።

በመኪናቸው ይዘዋት በበረሩበት ጤና ጣቢያ ነርሷ መድኃኒቱን ለሞተር ከሰጠች በኋላ፣ «ትተርፋለች። ብትዘገዩ ኖሮ ግን…» ብላ አባትየውን አየች። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሚጢጢ ወደ አልጋው ቀረብ አለች። ሞተር ነቅታለች።

«ቃልሽን በላሽ» አለች በደከመ ድምፅ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሚጢጢ ልትወጣ ዞረች። በሩ ክፍት ነው። ትንሽ አመነታችና፣ ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ኮሽ ሳታደርግ አንስታ፣ ከጓደኛዋ ጀርባ አስጠግታ ተቀመጠች።